በጋሽ ሜትር ግድግዳ ላይ የተሰጠ ድምፅ

ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ሴትየዋ የጋሽ ሜትርን የልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ባልረገጠች ነበር። ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በፌስታል የጠቀለለችውን ኮት ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ራሷ እየራሰች ኮቱን ከዝናብ እያዳነች ሮጣ ገባች። ጋሽ ሜትር ይኼን ሲያዩ ገና ሳያናግሯት ወደዷት።

«ይግቡ፣ ይግቡ! እስኪያባራ አረፍ ይበሉ» አሉና ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ጨርቅ በክንዳቸው ሰብስበው ወደ ጠረጴዛው አሻገሩት።

ስለ ጋሽ ሜትር ትንሽ ላውጋችሁ። ይኼ ስም የወጣላቸው የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሜትሩን እንዳንጠለጠሉ ገብተው ሙሽራው «ጋሼ፣ ሱፉ እኮ ተሰፍቶ አልቋል» ብሏቸዋል። በሥራቸው ግን ቀልድ አያውቁም። አንድ ሱሪ ለመቁረጥ ሦስት ጊዜ ይለካሉ፤ ከለኩም በኋላ መቀሱን ይዘው ጥቂት ይቆዝማሉ። ስፌት ከተበላሸ ተፈትቶ ይሰፋል፣ ጨርቁ በመቀስ ከተበላሸ ግን ምን ይደረጋል ይላሉ።

በዚያ ሰሞን ታዲያ እኚህ ጠንቃቃ ሰው ግራ ገብቷቸው ነበር። ቤተሰቡም ሰፈሩም «ሚጡ» የሚላት አንዲት ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ከትምህርት ቤት የተሰጣት የኮሌጅ ምርጫ ቅጽ አሥር ባዶ መስመር አለው። በየመስመሩ የኮሌጁንና የትምህርቱን ስም መጻፍ ነው፤ መመለሻው አርብ ስድስት ሰዓት። ሚጡ በዚያች ሰዓት ከመጋረጃው ጀርባ፣ ደንበኞች ልብስ በሚለኩባት ጠባብ ክፍል፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ከቤትም ከሱቅም ጸጥ ያለ ቦታ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው።

ሴትየዋ ኮቱን አውጥታ ለበሰችው። «ትከሻው ይዞኛል፤ እጅጌው ደግሞ ጣቴን ውጦታል። የሚስተካከል ይመስልዎታል?»

ጋሽ ሜትር ዞረው ዞረው አዩት። «ከየት አመጡት?»

«ገዝቼው ነው። ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ኮት ለብሳ አይቼ፣ እንዴት እንዳማረባት! እኔም ያው ዐይኔን ጨፍኜ ገዛሁ።»

«ኧረ በፈጠረዎት!» አሉ ጋሽ ሜትር እየሳቁ። «ጓደኛዎ ትከሻ ላይ ያማረ ኮት እርስዎ ትከሻ ላይ ያምራል ያለዎት ማነው? ሰው ልብስ ሊገዛ ሲሄድ የራሱን ትከሻ ይዞ ነው መሄድ ያለበት! ዐይን ተጨፍኖ የሚገዛ ምን አለ? ዣንጥላ ከሆነ እሺ።»

ሴትየዋም ከልቧ ሳቀች። ጋሽ ሜትር ኮቱን ተቀብለው የእጅጌውን ስፌት መፍታት ጀመሩ። እሷ መነጽሯን ስትጠራርግ ዐይኗ ከፊት ለፊቷ ግድግዳ ላይ አረፈ። በልብስ ስፌት ጠመኔ የተጻፈ ነገር አለ። ከላይ እስከ ታች የትምህርት ስሞች ተደርድረዋል፤ በየስሙ አጠገብ እንደ ችግኝ የቆሙ አጫጭር ሰረዞች ተሰምረዋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«እሱማ ምርጫ ነው!» አሉ ጋሽ ሜትር፣ ኩራትም እፍረትም በተቀላቀለበት ድምፅ። «ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው። የገባ ደንበኛ ሁሉ ምን ትማር እንደሚል እጠይቅና አንድ ሰረዝ አሰምራለሁ። እስካሁን ሕክምና ሠላሳ አንድ፣ ምህንድስና ሃያ ሁለት፣ ኮምፒውተር አሥራ ስምንት፣ ሕግ ዘጠኝ፣ አውሮፕላን ማብረር አራት። አንድ ሽማግሌ ‹ትዳር› ብለውኝ ነበር፤ የኮታቸውን ቁልፍ ሳልተክል አሰናበትኳቸው። ይኸው ለሕክምናው ልብሱንም አዘጋጅቻለሁ» ብለው በማንጠልጠያ ላይ ያለውን ነጭ ጋዋን በአገጫቸው አመለከቱ። ላስቲክ ለብሷል፤ የደረት ኪሱ ለሦስት እስክሪብቶ ተከፋፍሎ ተሰፍቷል። «በሉ እርስዎም ድምፅዎን ይስጡ። ለየቱ ላስምርልዎ?»

«ለየትኛውም አያስምሩልኝ።»

«ምነው? የተማሩ ይመስላሉ እኮ!»

«ሥራዬ ይኼው ስለሆነ ነው ጋሼ። ከከተማው ወዲያ ጫፍ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ኮሌጅ የሚመርጡትን ልጆች ነው የማማክረው።»

ጋሽ ሜትር እጅጌውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ደስም አላቸው፣ ደነገጡም። «ታዲያ እርስዎን የላከልኝ ዝናብ ይባረክ! እርስዎማ እንደ አሥር ሰው ይቆጠራሉ። አንድ ሰረዝ አይበቃዎትም።»

«ልጅዎን አላውቃትማ! የማላውቃትን ልጅ ምን ትማር ልበል?»

«ጎበዝ ናት። ሌላ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?»

«በምን ጎበዝ?»

«በ... በትምህርት ነዋ!»

«በየትኛው ትምህርት?»

ጋሽ ሜትር ወደ ጣሪያው አዩ። የልጃቸውን የወገብ፣ የትከሻና የእጅጌ ልክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቃላቸው ያውቃሉ፤ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ስንት እንዳመጣች ግን አያውቁም። በየወሰነ ትምህርቱ ወረቀቱን ያመጣችላቸዋል፤ እሳቸውም ያለፈች መሆኗን አይተው ይፈርማሉ።

እዚህ ላይ በሰውየው ባንፈርድ እወዳለሁ። ስንቶቻችን ነን ልጆቻችን አለፉ ወይስ ወደቁ ብለን ብቻ የምንጠይቅ! ምን ወደዱ፣ ምን ከበዳቸው ብለን የጠየቅን እጃችንን እናውጣ ብንባል ብዙ እጅ የሚወጣ አይመስለኝም።

«ይስሙኝ እመቤቴ» አሉ ጋሽ ሜትር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከኮሌጅ ትምህርቶች ስም ግማሹን ማንበብ እንኳ ያቅተኛል። እሷ ደግሞ ልጅ ናት፤ ሰኞ የወደደችውን ቀለም ረቡዕ አታየውም። እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ስለዚህ ሰው ጠየቅሁ። ክፋቱ የቱ ላይ ነው?»

«መጠየቅዎ ክፋት የለውም። እንዲያውም የሚጨነቅ አባት ሳይ ደስ ይለኛል። ግን እነዚያ ሠላሳ አንዱ ‹ሕክምና› ያሉ ሰዎች፣ ከመካከላቸው ሐኪም የሆነ አለ?»

«የለም።»

«ሐኪም በቀን ምን እንደሚውል የሚያውቅስ?»

«ታሞ ያየ አለ።»

«ልጅዎን በደንብ የሚያውቃትስ?»

«ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው እሷን ከየት ያውቃታል?»

አማካሪዋ ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ስለ ኮቴ ቅድም ያሉኝን ነገር እስቲ ይድገሙልኝ» አለች።

«የቱን? ጓደኛዎ ትከሻ ላይ ያማረ ኮት እርስዎ ትከሻ ላይ...» ብለው ጀመሩና ንግግራቸው መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ዐይናቸው ነጩ ጋዋን ላይ ተተከለ። ሦስት ጊዜ ሳይለኩ ጨርቅ የማይቆርጡት ሰውዬ፣ ለልጃቸው ዕድሜ ልክ የሚለበስ ነገር በሰማንያ አራት ሰው ትከሻ ለክተው ኖሯል!

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«ሚጡ! ስትሰሚ ነበር?» አሉ ጋሽ ሜትር።

«ሱቁ ሁለት እርምጃ ነው አባዬ፤ የት ሄጄ አልስማ?» መጋረጃው ተገለጠና ቀጠን ያለች፣ ዐይነ ፈጣን ልጅ ደብተሯን ታቅፋ ወጣች። ለአማካሪዋ በአክብሮት እጅ ነሳች። «እኔም እኮ ግራ ገብቶኛል። ሰረዙ በጨመረ ቁጥር ሐሳቤ ይዋዥቃል። ሐሙስ ዕለት ሕክምና ሃያ ዘጠኝ ሲሆን ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ። ቅዳሜ ደግሞ ሦስት ኮምፒውተር የሚወዱ ደንበኞች ተከታትለው መጡና ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«አንቺ ራስሽስ ምን አስበሻል?» አለች አማካሪዋ።

ልጅቷ አቀረቀረች። «እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። እንዳንለያይ አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ትምህርት እንሙላ ተባብለናል። እነሱ ‹ቢዝነስ› ነው ያሉት። ምን እንደሆነ ግን... በደንብ አላውቀውም።»

«ጉድ ፈላ!» አሉ ጋሽ ሜትር። «እሷም የጓደኛዋን ኮት ነው የለበሰችው!»

ይኼኔ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ደንበኛ የጠፋበት ቀን ስለነበር፣ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ዝናቡን ሰንጥቆ መጣ። ወሬ ያለበትን ቤት ከሩቅ ማሽተት ያውቅበታል። «ምንድን ነው? የኔ ሕግ ስንት ደረሰ?»

«ምርጫው ሳይሰረዝ አይቀርም» አሉት ጋሽ ሜትር።

«እንዴ! እንዴት ይሰረዛል? ለሕግ እኔ ብቻዬን ሦስት ጊዜ አሰምሬ!»

«ሦስት ጊዜ?» ጋሽ ሜትር ቅንድባቸው ተሰቀለ። «አንተ አጭበርባሪ!»

«ታዲያ በየሦስት ቀኑ እየጠየቁኝ፣ የመለስኩልዎትን ረስተው!»

ሳቁ ሲበርድ አማካሪዋ ወንበሯን አስጠጋች። «እሺ፣ አሁን ወደ ቁም ነገር እንግባ። አርብ ሩቅ አይደለም። ይኼ ጨዋታ መጀመር የነበረበት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን ቀርቷል፣ ባለን ቀን እንጠቀም። ጋሼ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ልጅዎ ማንም ሳያዝዛት የምትሠራው ነገር ምንድን ነው?»

«ምንም። ትቀመጥና የሰው እግር ትስላለች። ገብቶ የወጣውን ሰው ሁሉ አረማመድ ታያለች። ‹ሰው አይን አይኑን እንጂ እግሩን ያያሉ እንዴ!› ብዬ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ።»

«የሹፌሩን ነገር ይንገሯቸው እንጂ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እሱ ጨዋታ ነው፣ ምኑ ይነገራል?»

«እኔ እነግርዎታለሁ» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ወደ አማካሪዋ ዞረ። «ጡረታ የወጣ ሹፌር ደንበኛ አላቸው። አንድ እግሩ ሰው ሠራሽ ነው። በየወሩ የሱሪው አንድ ጎን ይበላበታል፣ እኚህ ይጠግኑለታል። አንድ ቀን ይቺ ልጅ ‹ጋሼ፣ ጨርቁ አይደለም ጥፋተኛው፤ አንደኛው እግርዎ አንድ ጣት ያህል ያጥራል› አለችው። ከትርፍራፊ ገበር ወፍራም ንጣፍ ሰፍታ ጫማው ውስጥ አደረገችለት። ይኸው ስንት ሳምንቱ፣ ሱሪውም አልተበላ፣ ሰውየውም ማንከሱ ቀንሷል። ፀጉሩን ሲስተካከል ሌላ ወሬ የለውም!»

አማካሪዋ ወደ ሚጡ ዞራ አየቻት፤ ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

«በፊዚክስ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እወደዋለሁም። ኬሚስትሪ መካከለኛ ነኝ። ባዮሎጂ አጥንትና ጡንቻ ሲሆን ቀላል ነው፤ የቅጠል ስም ሲሆን ይጠፋኛል።»

«ሰው ሠራሽ እግርና እጅ መሥራት፣ ለደከመ አካል ድጋፍ መሥራት በኮሌጅ የሚሰጥ ትምህርት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ትምህርት ነው?» ሚጡ አፏን ይዛ ቀረች። «እኔ ፋብሪካ የሚሠራው ነበር የሚመስለኝ።»

«ቆይ፣ አሁኑኑ ግቢበት እያልኩሽ አይደለም» አለች አማካሪዋ። «እንደዚያ ካልኩ እኔም ሰማንያ አምስተኛዋ ሰረዝ ሆንኩ ማለት ነው። ልትወጂውም ልትጠይውም ትችያለሽ። ጋሼ፣ አንድ ሱፍ ሲሰፉ ጨርቁን ከቆረጡ በኋላ ምን ያደርጋሉ?»

«በሰፋፊው በእጅ ስፌት አያይዤ ደንበኛውን አስለካዋለሁ። የማይሆን ከሆነ ክሩን በአንድ ጊዜ እመዘዋለሁ።»

«ኮሌጅም እንደዚያ ይለካል። ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄዶ ማየት፣ ሠራተኛውን ከሥራው የሚጠላውን ጭምር መጠየቅ። የኮሌጁን የትምህርት ዝርዝር አንብቦ በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምረውን ማወቅ። እዚያ የሚማር ልጅ ፈልጎ ስለ ቤተ ሙከራው፣ ስለ መኝታው፣ ስለ መምህራኑ መጠየቅ። ከዚያ አሥሩን መስመር መሙላት። ከላይ ያሉት ውጤትሽ ትንሽ ከፍ ካለ የምትደርሺባቸው ይሁኑ። መካከል ላይ ካሁኑ ውጤትሽ ጋር የሚመጣጠኑትን፣ ከታች ደግሞ ምንም ቢሆን የማታጫቸውን፣ ግን ብትገቢባቸው የማይቆጭሽን። ለዚህ ደግሞ አሁን ያለሽን ወራት ኬሚስትሪው ላይ ጠንከር ማለት ነው፤ መካከለኛው ይጎትትሻል።»

ጋሽ ሜትር የሰሙትን ሁሉ ልብ ብለዋል፤ ይሁን እንጂ ልባቸው ገና አልረጋም። «እሺ፣ ይሁን። ግን የዚህን ትምህርት ስም እኔ መጥራት አልችልም። ጎረቤቱ ልጅህ ምን ትማራለች ቢለኝ ምን እላለሁ? ‹ሐኪም› ብል ሰፈሩ ሁሉ ይገባዋል። ይኼን ብል እግር ሻጭ ሆነች ይሉኛል!»

ማንም አልሳቀም፤ ሰውየው የተናገሩት ከአንጀታቸው ነውና። ከአራስነቷ ጀምሮ ‹ይቺ ልጅ ዶክተር ትሆናለች› እየተባለ ነው ያደገችው። ያን ቃል እንደ ሜትሩ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ኖረዋል።

«እውነትዎን ነው፣ ከባድ ነው» አለች አማካሪዋ በለሆሳስ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ሕግ ነበር። አጎቴ ጠበቃ ስለነበረ ቤተሰቡ ሁሉ ያንን አለ፤ እኔም አልኩ። ሁለት ዓመት በክፍሉ የመጨረሻ ወንበር ላይ እንቅልፍ ተኛሁ። ስወጣ ማንንም አላኮራሁም። አጎቴ እንኳ ‹ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ› ነው ያለኝ። ለጎረቤት የሚነገረው ስም ግፋ ቢል አንድ ሳምንት ነው የሚወራው። ሥራው ግን በየጠዋቱ ይጠብቃል።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሽ ሜትር ኮቱን አንስተው አራገፉትና ለአማካሪዋ አስለበሷት። ክንዷን ዘርግታ ስታይ እጅጌዎቹ ወደ ኋላ ተጠምዝዘዋል። ግራ የገባቸው ሰውዬ የግራውን እጅጌ ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አድርገው በወሬው መሃል ሰፍተውት ኖሯል።

«በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራዬ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ሳቀ። «አርብ ይምጡና ይውሰዱት» አሉ ጋሽ ሜትር። «ተስተካክሎ ይቆይዎታል። ሁለቱም ነገር።»

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ተዘጋ። ሹፌሩ ራሱ አባትና ልጅን ይዞ፣ እግሩ የተሠራበት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ወዳለው ወርክሾፕ ወሰዳቸው። ጋሽ ሜትር ሆስፒታል ሲባል ዝምታና የመድኃኒት ሽታ ጠብቀው ነበር። የገቡት ግን መጋዝ የሚጮህበት፣ ጄሶ የሚቦካበት፣ ግድግዳው ላይ ትልልቅና ትንንሽ እግሮች የተሰቀሉበት ቤት ውስጥ ነው። ሽርጥ የታጠቀች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በጄሶ የነጣ ባለሙያ ተቀበለቻቸው። አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላለች። ጋሽ ሜትር ሜትሩን አዩት፣ የራሳቸውንም ዳሰሱት።

ባለሙያዋ የሹፌሩን ጫማ አስወልቃ ንጣፉን አገላበጠችው። «ማነው ይኼን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚጡ ሊጠፋ በሚል ድምፅ።

«ሐሳቡ ልክ ነው፤ ያጥር ነበር። ቦታው ግን ስህተት ነው። ተረከዙን ብቻ ነው ከፍ ያደረግሽው። እንዲህ ሆኖ ብዙ ቢቆይ ወገባቸውን ያማቸው ነበር።»

የሚጡ ፊት ጠቆረ። «እንዴት ብዬ ላውቅ እችል ነበር?»

«ሳትማሪ አትችዪም። ኮሌጁ ለዚያ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋሽ ሜትር እስካሁን ያወሩታል። ሚጡ ደብተሯን አወጣችና መጠየቅ ጀመረች። ክብደቱ የት ላይ ያርፋል? ሕፃን ሲያድግ እግሩ ይቀየራል ወይ? ሒሳቡ ስንት ነው? ባለሙያዋም አልሸፈነችላትም። ቀኑን ሙሉ መቆም እንዳለ፣ የጄሶው ብናኝ እንደሚያስነጥስ፣ እግሩን ባጣ ማግስት የሚመጣ ሰው አልቅሶ እንደሚያስለቅስ፣ ትምህርቱን የሚሰጡት ኮሌጆች ጥቂትና ሩቅ መሆናቸውን ነገረቻት። እዚያው ልምምድ ላይ ያለ የሦስተኛ ዓመት ተማሪም የመጀመሪያው ዓመት በፊዚክስና በአካል ጥናት የታጨቀ መሆኑን፣ መኝታ ቤቱ ጠባብ፣ ቤተ ሙከራው ግን ጥሩ መሆኑን አጫወታት። በመጨረሻ አንድ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ በአዲሱ እግሩ ብረቱን ይዞ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሚጡ የልጁን ፊት አላየችም፤ እግሩን ነው ያየችው። ጋሽ ሜትር በዚያን ቀን አልተቆጧትም።

ተመልሰው ከሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ አባትየው፣ «ሚጡ፣ የዚህን ሥራ ስም ለሰው እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?» አሏት።

«‹ልጄ ሰው ታራምዳለች› በላቸው፣ አባዬ።»

ጋሽ ሜትር ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በከንፈራቸው ለኩት። ልካቸው ነበር። ገብተው ጨርቅ በውሃ ነከሩና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ወለወሉት።

ሐሙስ ዕለት ሚጡ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ አወራች። አንደኛዋ አኮረፈች። ሁለተኛዋ ግን «እኔም እኮ ቢዝነስ ያልኩት እናንተ ስላላችሁ ነው» ብላ ሳቀችና የራሷን ቅጽ ቀድዳ በሌላ ቅጽ እንደገና ሞላች። አርብ ጠዋት ሚጡ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በራሷ እጅ፣ አሥሩን መስመር ሞላች። ከላይ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራበት ትምህርት በሁለት ኮሌጅ፣ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ፣ ከዚያ የሕክምና መሣሪያዎች ምህንድስና፣ ከታች ቅርብ ያለው ኮሌጅ የሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት። ሕክምናን አልጻፈችም። ጋሽ ሜትር አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ስለ እያንዳንዱ መስመር «ይኼን ለምን?» ብለው ጠየቁ እንጂ «ይኼን አድርጊ» አላሉም። አማካሪዋ ኮቷን ልትወስድ ስትመጣ ቅጹ ሄዷል። ኮቱ ልክ ሆኗል። ግድግዳው ባዶ ነው።

ባዶነቱ ግን ሳምንቱን ሁሉ ጋሽ ሜትርን ሰላም ነሳቸው። ድምፅ የሰጡ ደንበኞች «የኔ ሰረዝ የት ገባ?» እያሉ መጡባቸው። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዷ ግን «ለኔ ልጅ ደግሞ ምን ይመክሩኛል?» አለች። ጋሽ ሜትር እጃቸው በልማድ ወደ ጠመኔው ሄዶ ነበር፤ ሰበሰቡት። «ልጅሽ ማንም ሳያዝዘው ምን ይሠራል?» አሏት።

የሚጡ ጓደኛ፣ ቅጹን እንደገና የሞላችው፣ አሁን ቤተ መጻሕፍት አያያዝ እየተማረች ነው፤ ደስተኛ ናት ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ልጅ ሕግ ሊያስገባ ካሰበ በኋላ አማካሪዋ ዘንድ ወስዶት፣ ልጁ ከክርክር ይልቅ ዝምታ የሚወድ መሆኑ ታወቀ። አባትየው ተገርሞ «ከኔ ቤት ዝምተኛ ከየት መጣ?» ማለቱን አላቆመም። ልብ በሉልኝ እናንት እናቶችና አባቶች፤ ለካ ልጅን መለካት ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። ቀድሞ መጀመር፣ መጠየቅ፣ ሄዶ ማየት፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ለእሱ መስጠት ነው። ምርጫው ልክ ከሆነ ይመቸዋል፤ ልክ ካልሆነም ለምን እንዳልሆነ ያውቃል፤ ራሱም ያስተካክለዋል። እናንተ ልጆች ደግሞ፣ አባታችሁ ሲሳሳት መጋረጃ ጀርባ አትሳቁ። ወጥታችሁ ንገሩት።

ሚጡ ከዓመት በኋላ፣ ሰው ሠራሽ አካል መሥራት ከምትማርበት ኮሌጅ፣ ለእረፍት መጣች። እጇ ላይ የጄሶ ነጭ ምልክት አለ፤ ታጥቦ አይለቅ ይመስላል። ኬሚስትሪው እንዳስቸገራት፣ መኝታ ቤቱ እውነትም ጠባብ መሆኑን፣ በልምምድ አንዲት እናት ቆማ እንድትሄድ መርዳቷን አወራች። ከዚያ ተነሥታ ላስቲክ የለበሰውን ነጭ ጋዋን ከማንጠልጠያው አወረደችው።

«አባዬ፣ ይኼን ልወስደው ነው። ለወርክሾፕ ይሆነኛል። እጅጌው ግን ጄሶ ውስጥ ይገባብኛል፣ ይጠር።»

ጋሽ ሜትር የስፌት መነጽራቸውን አጥልቀው ደስታቸውን ከስሩ ደብቀው መቀሱን አነሡ። «እስከ የት ልቁረጠው?»

ሚጡ ሜትሩን ከአባቷ አንገት ቀስ ብላ አወረደችና፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ራሷ ለካች።